እናቴና የእድሩ ሊጥ

ያንን አዲስ ቦርሳሽን አፍንጫዬ ሥር ደቅነሽ «እስቲ አሽትቺው፣ የቆዳው ሽታ ደስ ሲል!» ስትይኝ ከቢሮ ብድግ ብዬ የወጣሁት ቀንቼብሽ አይደለም። ስቀሽብኛል፤ አይቻለሁ። አዳማ ከመጣሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። ጫማ ቤት ገብቶ ጫማውን ያሸታል፣ ጃኬቱን ያሸታል፣ «ይሄማ እውነተኛ ቆዳ ነው!» ብሎ ይደሰታል። ደሜ ይፈላል። ሽታው እኮ አይደለም የሚያናድደኝ። ሽታውንማ እወደዋለሁ፤ የአባቴ አንገት ሽታ ነው። የሚያናድደኝ የእናንተ ደስ መሰኘት ነው። በይ አሁን ቁጭ በይና ስሚኝ፤ ስጨርስ ከፈለግሽ ሳቂ።

ያደግኩት ሞጆ ነው። አባቴ ቆዳ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፤ ጥሬው ቆዳ በኖራ ተዘፍዝፎ ጸጉሩ የሚወልቅበት ክፍል ውስጥ። አመሻሹ ላይ ሲመጣ ቦቲውን በር ላይ ያወልቃል፣ ግቢው ውስጥ በሳሙና ይታጠባል፣ ቀጥሎ ክንዱን በሎሚ ያሻል፣ ከዚያ ደግሞ በሳሙና። ይህን ሁሉ ታጥቦም አንገቱ ሥር ትንሽ ሽታ ትቀራለች። ፊቴን የምቀብረው እዚያች ጋ ነበር። ኖራ፣ ጨው፣ ትንሽ ደግሞ እርጥብ ቆዳ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከፋብሪካው ወደ እኛ ሰፈር ሲዞር ጎረቤቱ አፍንጫውን በነጠላው ይይዛል። እኔ ግን «አባቢ ሊመጣ ነው» እል ነበር።

ቤቱ እናቴ ከወላጆቿ የወረሰችው ነው። ሰፈሩ የነጋዴ፣ የሾፌር፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሰፈር ነው። የፋብሪካው ሰዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት ወዲያ ማዶ ፋብሪካው አጠገብ ነበር፤ በእኛ መንገድ ላይ ከቆዳ ጋር የሚውል ሰው አባቴ ብቻ ነው። በዓል ሲሆን ምን ያደርጉ እንደነበር ልንገርሽ? የበጉን ቆዳ ገና ደሙ ሳይደርቅ ጠቅልለው በራችን ላይ ይጥሉልናል። «ለባልሽ ነው» ይሏታል እናቴን። ሰውዬው የወር ደሞዝተኛ ነው፤ ፋብሪካው ቆዳ የሚገዛው በመኪና ነው እንጂ ከበር ላይ አይለቅምም። እነሱ ግን ቆዳ ሲያዩ የሚታያቸው እሱ ነው። አባቴ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣም። ጨው ነስንሶ ያስቀምጥና ቆዳ ለቃሚው ሲያልፍ ይሰጠዋል። እኔ ብሆን መልሼ በራቸው ላይ ነበር የምወረውረው።

እናቴ የሴቶች እድር አባል ነበረች። እናቷም አባል ነበሩ። ሰው ሲሞት ሴቶቹ ሐዘን ቤቱ ግቢ ይሰበሰቡና ሰብሳቢዋ መሐል ቆማ ሥራ ታከፋፍላለች። ሰብሳቢዋ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ማማሰያውን ከእጇ የማትለይ ሴት ነበረች፤ ከእናቴ ጋር አብሮ አደግ ናቸው፣ አንድ ክፍል ተምረዋል። «አንቺ ሊጥ። አንቺ ወጥ። እናንተ ሽንኩርት ልጣችሁ ጨርሱ» እያለች ትዞርና እናቴ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ማር ማር ይላል፦ «አንቺ ደግሞ የኔ እናት፣ ውሃውን።»

ውሃ። ሁልጊዜ ውሃ። በዚያ በሞጆ ፀሐይ ከቦኖው ሐዘን ቤት፣ ከሐዘን ቤት ቦኖው፣ ቢጫ ጀሪካን ጀርባዋ ላይ። የአስፋልቱ አቧራ ላቧ ላይ ይለጠፋል። ልጅ ሳለሁ «ለምን ሊጥ አይሰጡሽም?» ብዬ ጠየቅኋት። «ወገቤን ያመኛል ብዬ ነግሬያቸው ነው፤ ማቡካት አልችልም» አለችኝ። ጀሪካኑን እንደተሸከመች ነው እንዲህ ያለችኝ! እኔም ጅል፣ አመንኳት።

እውነቱን የሰማሁት አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ነው። አንድ ለቅሶ ላይ ከድንኳኑ ጀርባ ጥላ ውስጥ ተቀምጬ ሰብሳቢዋ ለአዲስ ሙሽራ የእድሩን ደንብ ስታስረዳት ሰማሁ። ሸራው ስስ ነው፤ ቃል በቃል ይሰማል። «ያቺን ውሃ የምትቀዳውን አየሻት? ጥሩ ሴት ናት፣ እህቴ በያት። ግን እጇን እህል ላይ እንዳታስነኪ። ባሏ ፋቂ ነው። ዓይናቸው አይታመንም።» ሙሽሪት «ቡዳ ናቸው እንዴ?» አለች በሹክሹክታ። «እኔ አልወጣኝም» አለች ሰብሳቢዋ። አየሽ ብልጠቷን? አልወጣኝም!

ታውቂያለሽ መቼም፤ ቆዳ የሚፍቅ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ካረፈበት እህል የበላ ይታመማል ይላሉ። ዩኒቨርሲቲ በደጃፉ ያለ ሰው፣ ስልኩን ሲነካካ የሚውል ሰው ነው ይህን የሚለው። ደግሞ ሊጡ በማን ውሃ ነው የሚቦካው? በእናቴ ውሃ! ወጡ የሚፈላው በእናቴ ውሃ! ውሃው ላይ ዓይኗ አያርፍም? ይህን አንዳቸውም አስበውት አያውቁም። ውሃ ከባድ ነዋ፤ ተሸካሚ ይፈልጋል።

እየሮጥኩ ቤት ገብቼ የሰማሁትን ነገርኳት። እንደማታለቅስ አውቅ ነበር፣ እንደምትቆጣ ግን አላውቅም ነበር። የተቆጣችው ደግሞ በሌላ ነገር ነው። «አባትሽ የሁሩታ ገበሬ ልጅ ነው! ምን ፋቂ አለው? ፋብሪካ ገብቶ በሠራ ስም ያወጡለታል?» አለች። በኋላ ነው የነገረችኝ፦ ከማግባቷ በፊት የእድሩን ሊጥ የምታቦካው እሷ ነበረች። እሷና ሰብሳቢዋ አንድ ቡሃቃ ላይ ጎን ለጎን። አባቴን ባገባች በመጀመሪያው ለቅሶ እጇን ታጥባ ቡሃቃው ጋ ስትቀመጥ «ዛሬ ውሃ ቸግሮናል የኔ እናት» ተባለች። ችግሩ ከዚያ ወዲህ አልተፈታም። አባቴ የገበሬ ልጅ ይሁን የፋቂ ልጅ እኔ እስከ ዛሬ አላጣራሁም። ቢሆንስ? ፋቂ ቢሆንስ ምን ይጠበስ?

እሷ ግን ቢሆንስ ማለት አልቻለችም። እዚህ ላይ ነው በእናቴም አንጀቴ የሚያርረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላ ሻጭ ሴት በሰፈራችን ታልፍ ነበር፤ ጀበናና ድስት በሳር ጠቅልላ የምትዞር፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለች የምታወራ፣ ሳቅ የማይጠፋት። እናቴ ትከራከራታለች፣ ትገዛታለች፣ ስለ ልጆቿ ትጠይቃታለች። ከበሩ ወዲህ ግን አታስገባትም። አጥራችን እንጨት ላይ የቲማቲም ጣሳ በሽቦ ተንጠልጥላ ነበር፤ ሴትዮዋ ውሃ ሲጠማት እናቴ ከላይ ታንቆረቁርላታለች፣ እሷ ጠጥታ ጣሳውን ራሷ መልሳ ትሰቅላለች። ለእኔ አጥሩ ላይ ጣሳ መኖሩ አጥሩ ላይ ሚስማር እንደ መኖሩ ነበር። ምን እንደሆነ የገባኝ ከድንኳኑ ጀርባ ከሰማሁት ወዲያ ነው።

አባቴ የሞተው እኔ ሁለተኛ ደረጃ ልጨርስ ስል ነው፤ ደረቱን ታሞ ብዙም አልቆየም። እውነቱን ለመናገር እድርተኛው አላሳፈረንም። ድንኳኑን ተከሉ፣ አስከሬኑን በትከሻቸው ተሸከሙ፣ ሴቶቹ ከየቤታቸው እያበሰሉ አመጡልን። ሰብሳቢዋ እናቴን አቅፋ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን ስትመታ ሰፈሩ ሁሉ አለቀሰ። እንባዋ እውነተኛ እንባ ነበር። ይሄ ነው እኮ የሚያሳብደኝ። ክፉ ብትሆን ኖሮ ጠልቻት እገላገል ነበር።

እናቴ ግን በዚያ ሁሉ ሐዘን ውስጥ አንድ ነገር ያዘች። ተዝካሩን። ሐዘን ላይ አብስሎ የሚያቀርብልሽ ጎረቤት ነው፤ አርባው ሲደርስ ግን አንቺ ነሽ ጎረቤት የምታበይው። «የዚያን ቀን የኔ ቤት ነው» ትለኝ ነበር ስንዴውን እየለቀመች። «በራሴ ቤት ማን ውሃ ይለኛል? በእጄ የጋገርኩትን በአባትሽ ስም ይበሉታል።» ዓይኗ ውስጥ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያላየሁት ብርሃን አየሁ። በዋዜማው ሊጡን አቦካችው። እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ውስጥ ሲገባ ያየሁት ያኔ ነው፤ ወገብ የሚያመው ሰው እንዲያ አያቦካም። ጎህ ሲቀድ ድፎ ዳቦውን በኮባ ጠቅልላ ከላይም ከታችም እሳት አደረገችበት። ኮባው ሲጠበስ የሚሸተው ሽታ የአባቴ ቱታ የተሰቀለበት ክፍል ድረስ ገባ።

ገና ጠዋት ሴቶቹ ከነሰብሳቢያቸው መጡ። ባዶ እጃቸውን መስሎሻል? ሊጣቸውን ከየቤታቸው አቡክተው፣ ወጣቸውን ሠርተው፣ ጠላውን ከሰብሳቢዋ ቤት ጠምቀው። እናቴ ቀሚሷን አሸርጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ምድጃው ስትሄድ ሰብሳቢዋ ትከሻዋን አቅፋ መለሰቻት። «ምነው እቴ! ሐዘንተኛ አይደለሽ? ዛሬ እጅሽ ምንም እንዳይነካ። እኛ ታዲያ ምን ልንሠራ መጣን?» አለቻትና ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻት። ድፎውን አንስታ አየችው፣ «ውይ ሲያምር!» አለች፣ «ይሄማ ለቤተሰብ ይቀመጥ» ብላ ጓዳ አስገባችው። ቄሱ ሲመጡ ለቡራኬ የቀረበላቸው ዳቦ ከሰብሳቢዋ ቤት የመጣው ነው። እናቴ ወንበሯ ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጥፍሯ ሥር ትንሽ ሊጥ ደርቆ ነበር። ያቺን ሊጥ ሳያት ብድግ አልኩ።

ጓዳ ገባሁ። ድፎውን በትልቁ ትሪ ላይ አድርጌ ቆራረስኩት፤ እንፋሎቱ ገና አልወጣም ነበር። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። ከመጀመሪያው አግዳሚ ጀመርኩ። «እናቴ የጋገረችው ነው፤ በአባቴ ስም ይቅመሱልኝ።» ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ።» ጠላው ራሱ ገና አልተቀዳም ነበር። ቀጥሎ ያሉት እናት «ስኳር አለብኝ» አሉ፤ እኒያ እናት ከዚያ በኋላ የሰብሳቢዋን ዳቦ ሲበሉ አይቻለሁ። አንዱ ጥርሱን አመመው። አንዷ «ለልጆች አስቀምጪው» አለችኝ። እኔ ደግሞ አላልፍም፤ እያንዳንዱ ፊት ትሪውን ይዤ ቆሜ መልስ እጠብቃለሁ። ከአስፋልቱ የከባድ መኪናዎቹ ፍሬን ብቻ ይሰማል። አንድ ሰው ብቻ እጁን ዘረጋ፤ ደረቅ ወደቡ ላይ ትራንዚተር የሆነው ጎረቤታችን፣ ጥቁር የቆዳ ጃኬቱን በዚያ ሙቀት የማያወልቀው። «አምጪ እስቲ» ብሎ አንድ ቁራሽ ወሰደ። ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ትንሽ ቆይቼ ስመለስ ቁራሹ ከአግዳሚው ሥር ተጥሎ አገኘሁት፤ ጫማውም ቆዳ ነበር።

ያን ቁራሽ አንስቼ «ይሄ የማን ነው?» ልል አፌን ስከፍት አንድ ሰው ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮ ጎተተኝ። እናቴ ናት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን አደረግሽኝ?»

«እኔ? እነሱ ናቸው እንጂ! አየሻቸው አይደል?»

«እኔ ሳየው የኖርኩትን አንቺ ዛሬ አየሽው! ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገረውም፣ እንዲህ ነው የምንኖረው። አሁን በምን ፊቴ ነው ለቅሶ የምደርሰው?»

«አትድረሻ! ይቅርብሽ!»

«አባትሽን ማን ቀበረው?» አለችኝ። «እኔንስ ማን ሊቀብረኝ ነው? አንቺ ብቻሽን ልትሸከሚኝ ነው?»

ትሪውን እንደያዝኩ ከግቢው ወጣሁ። ሸክላ ሻጯ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ተዝካር መሆኑን ሰምታ ነው የመጣችው፣ ማንም ግን ግቢ ብሏት አያውቅም። ትሪውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ቆርሳ አሸተተችው። «የኮባው ሽታ!» አለች። ቀስ እያለች፣ ዓይኗን ጨፈን እያደረገች በላች፤ የተረፈውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «ገለቶሚ፣ እግዜር ይስጥሽ። የማን እጅ ነው? ይባረክ።»

ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ሴትዮዋን ዳቦው አንቋት ነበርና በእጇ ውሃ አመለከተች። እናቴ ገብታ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። ብርጭቆ ታመጣለች ብዬ ነበር። እግዜር ያሳይሽ፣ በዚያን ቀን እንኳ! እጇ አጥሩ ላይ ወዳለው ጣሳ ሄደ። ከላይ አንቆረቆረችላት፣ ሴትዮዋ ጠጣች፣ ጣሳውን መልሳ ሰቀለች። ያን ቀን ከእድሩ ሁሉ ይልቅ እናቴን ጠላኋት። ክፍሌ ገብቼ የአባቴን ቱታ አቀፍኩ፤ ሽታው መልቀቅ ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ እዚሁ አዳማ። በአንደኛው ዓመት የሶሲዮሎጂ መግቢያ የሚሉት ትምህርት ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ክብ ሣለ፤ ውስጡ «እኛ»፣ ውጭው «እነሱ»። ሰው ማንነቱን የሚያገኘው ከሚገባበት ቡድን ነው ምናምን እያለ በላብ ተጠምቆ ያስረዳል። እጄን አወጣሁ። «ክቡ ውስጥ ገብቶ ውሃ የሚቀዳውስ የት ነው የሚቀመጠው?» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እሱም ፈገግ ብሎ «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እንመለስበታለን» አለ። እስክመረቅ ጠበቅኩት።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ደወለች። ሰብሳቢዋ ሞተች። እሰይ ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እናቴ ግን እየተንሰቀሰቀች ነው። «አብሮ አደጌ እኮ ናት» ትለኛለች። ለቅሶው አልፎ ሲመሽ መልሼ ደወልኩላት። ምን እንደምጠይቃት ታውቃለች፤ እኔም ምን እንደምትመልስልኝ አውቃለሁ።

«ምን ሰጡሽ?»

«ውሃ።»

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አልነግርሽም። በዚህ ዕድሜሽ፣ በዚያ ጉልበትሽ፣ ሴትዮዋ ሞታም ታዝሻለች ወይ፣ እያልኩ ጮህኩባት። ይባስ ብዬ «አንቺስ? ያ ጣሳሽስ አጥሩ ላይ የለም?» አልኳት። እንዲያማት ብዬ ነው።

ከእሷ በኩል ከባድ መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል።

«ጣሳውን ከነቀልኩት ቆየሁ» አለች።

«ምን?»

«አንቺ ዩኒቨርሲቲ በገባሽ ጊዜ ነው የነቀልኩት። ቤቱ ጭር አለብኝ። አንድ ቅዳሜ ግቢ አልኳት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ዕቃዋን ጓሮ እናስቀምጥና በሩን ዘግተን እንጋግራለን። እኔ ወገቤን ያመኝ የለ፣ እውነቴን ነው አሁንስ፤ ሊጡን እሷ ናት የምታቦካልኝ። እጇ ጥሩ ነው።»

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ግድግዳው የሚሰማት ይመስል።

«ብቻ አደራሽን፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። «እድሩ ከሰማ ውሃውንም ይነሱኛል።»

«አልናገርም እማዬ» አልኳት። አንቺ ሞጆ ዘመድ የለሽም አይደል?